«ልጄ እንደገና አልጋ ላይ መሽናት ጀመረ፤ አባቱ አስደንግጦት ይሆን?»

ጥያቄ፦ ከልጄ አባት ጋር ከተለያየን ዓመት አለፈን። እኔ ደሴ ነኝ፣ እሱ ኮምቦልቻ ይሠራል። የ7 ዓመት ወንድ ልጃችን ከሰኞ እስከ ዓርብ እኔ ጋ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ አባቱ ጋ ይሄዳል። አባቱ ቁጡ ነው። የቤት ሥራ ካልሠራ ይቆነጥጠዋል፣ አንዳንዴም ይመታዋል። እኔ ደግሞ ስለሚያሳዝነኝ የጠየቀኝን አልከለክለውም። ከ4 ዓመቱ ጀምሮ አልጋ ላይ መሽናት ትቶ ነበር። ከሁለት ወር ወዲህ ግን እንደገና ጀመረ፤ በተለይ እሁድ ማታ፣ ከአባቱ ሲመለስ። ብርድ መትቶት ይሆን ወይስ አባቱ ነው ያስደነገጠው? (አንዲት እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ከሁሉም በፊት ሽንቱን ያስመርምሩ። አልጋ ላይ መሽናት ትቶ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የቆየ ልጅ እንደገና ሲጀምር ምክንያቱ መታወቅ አለበት። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የሆድ ድርቀት ሊሆን ይችላል። ምርመራው ቀላል ነው፣ ጤና ጣቢያም ይሠራል። ልጁ ውሃ ውሃ የሚል፣ ቶሎ ቶሎ የሚሸናና የከሳ ከሆነ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይውሰዱት። የስኳር በሽታ እንዲህ ሊጀምር ይችላል፤ በልጆች ላይ ደግሞ በቀናት ውስጥ ይከፋል።

የደሴ ብርድ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ልጅዎ ሦስት ክረምት በዚሁ ብርድ ውስጥ አሳልፏል፤ ያኔ አልሸናም።

ምርመራው ምንም ካላሳየ ጭንቀት መሆኑን እጠረጥራለሁ። ቢሆንም በአባቱ ብቻ ለመፍረድ አይቸኩሉ። እሁድ ማታ ልጁ ከአባቱ የሚለይበት ማታ ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ፣ ደክሞት ቤት ሲገባ ምን ይጠብቀዋል? ብዙ ቤት የሚሆነውን ልንገርዎ። ጫማውን ሳያወልቅ «ምን አበላህ? መታህ? ማን መጥቶ ነበር?» ይባላል። ቅዳሜ ጠዋት ሲሄድ ደግሞ «የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል ብላሃለች በለው» ተብሎ ይላካል። የ7 ዓመት ልጅ የትልልቅ ሰዎችን ጠብ ተሸክሞ ይመላለሳል። ለእናቱ ሲያወራ አባቱን የከዳ ይመስለዋል፤ ዝም ሲል ደግሞ እናቱን። ልጆችን ከመለያየቱ ይልቅ የሚጎዳቸው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ክፍያም ሆነ ሰዓት፣ እባክዎ በስልክ እርስ በርስ ተነጋገሩ።

አስተዳደጋችሁን በተመለከተ ሁለታችሁም ጫፍ ይዛችኋል። ዳያና ባውምሪንድ የተባሉት አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሦስት ዓይነት አስተዳደግ ለይተው ነበር፦ በትእዛዝና በቅጣት የሚያሳድግ፣ ሁሉን የሚፈቅድ፣ እንዲሁም ፍቅርንም ሕግንም አብሮ የሚሰጥ። ለልጅ የሚበጀው ሦስተኛው ሆኖ ተገኝቷል። ዱላው መቅረት አለበት፤ በዚህ አልደራደርም። የእርስዎም «እሺ» ግን መጠን ይኑረው። ሐዘኔታ ለሰኞ የመኝታ ሰዓት ምትክ አይሆንም።

ሁለቱ ቤቶች አንድ ዓይነት ካልሆኑ ብላችሁ አትጨነቁ። ልጅ ልዩነትን ይለምዳል። በጥቂት ነገር ብቻ ተስማሙ፦ ስንት ሰዓት ይተኛል፣ ስልክ እስከ መቼ ይይዛል፣ ሲያጠፋ ምን ይደረጋል።

ሌሊት ሲሸና አይቆጡት። ፈልጎ አይደለም፣ እንቅልፍ ላይ ነው። ፍራሹን ፕላስቲክ ያልብሱት። ቀን ውሃ በደንብ ይጠጣ፤ ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሁለት ሰዓት ብቻ ይቀንስ። ማታ ማታ ሻይና ኮካ ይቅርበት፤ ሊተኛም ሲል ይሽና። ቡና ላይ ለጎረቤት አያውሩበት፤ ልጅ ይሰማል፣ ያፍራልም። አባቱም ጋ ከሸና «አብሽር ልጄ፣ አንሶላው ይታጠባል» ይበለው። ይህቺን ከአባቱ አፍ መስማቱ ከእርስዎ አሥር ማባበል ይበልጣል። ይህን ጽሑፍም ይላኩለት፤ የወቀሳ ቃል ግን አይጨምሩበት።

ሰውነቱ ላይ ሰንበር ካዩ፣ ወይም ቅዳሜ ሲደርስ አልሄድም ብሎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት፤ ለሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ያሳውቁ።

ከዚህ ውጭ ከሆነ፣ በሁለት ሦስት ወር ለውጥ ካላዩ ወደ ሕፃናት ሐኪም ይመለሱ። ሲሄዱ አባቱም ቢመጣ ጥሩ ነው። አብራችሁ መቀመጥ ከከበዳችሁ ሐኪሙ ለየብቻ ሊያነጋግራችሁ ይችላል።