«ዋጋው በውስጥ መስመር» ይብቃ፦ ውጭ አገር ሆነው የአማርኛ መጽሐፋቸውን ራሳቸው ለሚያሳትሙ ደራሲዎች

ሁላችንም የምናውቀው ፖስተር አለ። መሐሉ ላይ የመጽሐፉ ሽፋን፣ ጥግ ላይ የደራሲው ፎቶ፣ ከታች በትልልቅ ፊደል «በቅርብ ቀን»። ሦስት መቶ ሰው «እንኳን ደስ አለህ» ይላል፣ ሃምሳው ያጋራል። መጽሐፉ ከአራት ወር በኋላ ሲወጣ ያ ሁሉ ሰው የት እንደሚገኝ አያውቅም። የጠየቀው ደግሞ «ዋጋው በውስጥ መስመር» ይባላል። ዳላስ ወይም ስቶክሆልም ከሥራ ሲመለስ ባቡር ላይ ስልኩን የሚነካካ ሰው፣ ዋጋ ጠይቆ እስኪመለስለት አይጠብቅም። በጣቱ ገፋ አድርጎ ያልፋል።

ስለዚህ መግዣው ሳይዘጋጅ ሽፋኑን አታውጡ። መጀመሪያ አንድ ገጽ ይኑራችሁ፤ ቀላል ድረ ገጽ ቢሆን፣ ቴሌግራም ቻናል ላይ ፒን የተደረገ ጽሑፍ ቢሆን ለውጥ የለውም። እዚያ ላይ ሽፋኑ፣ ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደሆነ፣ የገጹ ብዛት፣ የፖስታ ወጪን የጨመረ ዋጋ፣ መክፈያውና በስንት ቀን እንደሚደርስ ይጻፍ። ከውስጡም ሁለት ገጽ በግልጽ ተነሥቶ ይለጠፍ፤ አገር ቤት ገዢው መጽሐፉን ገልጦ አይቶ ነው የሚገዛው፣ ውጭ ያለው ግን ገልጦ የማየት ዕድል የለውም።

ክፍያ ላይ ሁልጊዜ የሚደጋገም ስሕተት አለ። አሜሪካ በዜል፣ ስዊድን በስዊሽ፣ እስራኤል በቢት (ሁሉም በስልክ ገንዘብ መላኪያ ናቸው) ገንዘቡ ይገባል፤ አድራሻው ግን የለም። ባንኩ የሚያሳየው ስም ደግሞ ፌስቡክ ላይ ካለው ጋር አይገናኝም። መድኃኒቱ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፦ ገዢው መጀመሪያ ጉግል ፎርም ላይ ስሙን፣ አድራሻውንና የቅጂውን ብዛት ይሙላ፣ መክፈያው ፎርሙ መጨረሻ ላይ ይምጣለት። በዜል የተላከ ገንዘብ በቀላሉ ስለማይመለስ የማያውቃችሁ ሰው ያመነታል፤ ለእሱ በካርድ የሚከፈልበት መንገድም ይኑር።

አሁን ወደ ፊደላችን። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ሰዉ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ እያለ ይጽፈዋል። መፈለጊያ ሳጥኑ ግን ሁልጊዜ አንድ ቃል መሆናቸውን አያውቅም። ርዕሳችሁ ውስጥ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ካሉ፣ ሽፋኑ ላይ ትክክለኛውን አጻጻፍ ጠብቁ፤ በመግለጫው ውስጥ ግን ሌላውን አጻጻፍ አንድ ጊዜ አስገቡት። በላቲን ሲጻፍ ይብሳል፤ አንዱ ጸን በቲ-ኤስ፣ ሌላው በቲ-ዜድ ይጽፈዋል። አንዱን ምረጡና ሽፋኑም፣ አማዞንም፣ ፌስቡክም ላይ ያው ይሁን። የደራሲ ስምም እንዲሁ ነው። የፈረንጅ ቅጽ «የመጀመሪያ ስም፣ የቤተሰብ ስም» ሲል አንዴ የአባት፣ አንዴ የአያት ስም የሚሞላ ሰው ሁለተኛ መጽሐፉ ሲወጣ በሁለት ደራሲ ስም ተከፋፍሎ ያገኘዋል። የራስ ስምና የአባት ስም፣ በቃ።

ጽሑፉ በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የተተየበ ከሆነ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ኮድ) መሆኑን አረጋግጡ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተጻፈ ፋይል ኢንተርኔት ላይ ሲገለበጥ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል ያለ ክፍያ የሚገኙ ጥሩ ፎንቶች ናቸው። ለማተሚያ የሚላከውን ፒዲኤፍ በአክሮባት ክፈቱና ፋይል፣ ፕሮፐርቲስ፣ ፎንትስ ብላችሁ እዩ፤ እያንዳንዱ ፎንት አጠገብ ፋይሉ ውስጥ መካተቱ ካልተጻፈ፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሌላ የማያልፍ እንከን ደግሞ አራት ነጥብ ነው። ብዙ ሰው «።» በማለት ፋንታ ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታል፦ «፡፡»። ዓይን ላይ አንድ ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ ግን ሁለት ምልክት ስለሚያየው በአንዳንድ ፕሮግራም ላይ መስመር ሲያልቅ አንዱን እዚህ ትቶ ሌላውን ወደ ታች ሊጥለው ይችላል። ፈልጎ መተኪያውን ተጠቅማችሁ በአንድ ጊዜ አስተካክሉት።

ለኪንድል (ለአማዞን ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ) ሽፋን የሚመከረው መጠን ቁመቱ 2560፣ ወርዱ 1600 ፒክስል ነው፤ ገዢው የሚያየው ግን የአውራ ጣት ጥፍር ያህሉን ነው። ሽፋኑን ስልክ ላይ አሳንሳችሁ እጃችሁን ዘርግታችሁ እዩት። ርዕሱ ካልተነበበ ቀጫጭን ፊደሉን ተዉት፤ ከበስተጀርባው የተደረቡትን አራት ሥዕሎችም ወደ አንድ አውርዱ። በአማዞን ማተሚያ በኬዲፒ የሚታተም ከሆነ፣ ጥራዙ ጀርባ ላይ ርዕስ የሚጻፈው መጽሐፉ ከ79 ገጽ ሲበልጥ ነው። ለግጥም መድበል አዘጋጆች ይህ ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ሰዓት የሚመጣ ዱብ ዕዳ ነው።

የጀርባ ሽፋን ጽሑፍ ላይ የአገር ቤቱን ልማድ ብንተው ደስ ይለኛል። ታዋቂ ሰው የሰጠው አስተያየት፣ ከዚያ የደራሲው ዲግሪዎች፤ መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ ግን አንድ መስመር የለም። «የአገራችንን ታሪክ፣ ፍቅርና ተስፋ በውብ ቋንቋ የሚያሳይ ድንቅ ሥራ» የሚለው ለየትኛውም መጽሐፍ ይሆናል። ከዚህ ጋር አስተያዩት፦ «በ1977 ዓ.ም. ከጎንደር በእግሯ ሱዳን የገባች የ14 ዓመት ልጅ፣ ገዳሪፍ አካባቢ መጠለያ ውስጥ የጠፋባትን ታናሽ ወንድሟን ትፈልጋለች። ልብ ወለድ፣ 240 ገጽ።» ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን እንደሚፈልግ ታወቀ። አማዞን ለመግለጫ እስከ 4000 ምልክት ይፈቅዳል፤ ሳይነካ የሚታየው ግን የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መስመሮች ብቻ ስለሆኑ ዋናው ነገር እዚያ ይሁን። አንባቢ የሚፈልግባቸውን ቃላት እናንተ የምትሞሉባቸው ሰባት ሳጥኖችም አሉ። ውጭ ያለው ገዢ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚፈልግ፣ «የአማርኛ ልብ ወለድ»፣ «የኢትዮጵያ ስደተኞች ታሪክ» የሚሉትን በእንግሊዝኛ አስገቡ፤ ርዕሱን እዚያ መድገም ሳጥን ማባከን ነው።

ስለ ኬዲፒ አንድ ማስጠንቀቂያ። የሚቀበላቸውን ቋንቋዎች ዝርዝር ያወጣል፤ አማርኛ ለረጅም ጊዜ ከዝርዝሩ ውጭ ነው የቆየው። ፋይል ከማዘጋጀታችሁ በፊት ዝርዝሩን እዩ። «እንግሊዝኛ» ብሎ መሙላት መጽሐፉን ከሽያጭ እስከ ማስወረድ ያደርሳል። ካልሆነ እንደ ኢንግራም ስፓርክ ያለ ሌላ አታሚ ጠይቁ፣ አለዚያም አሳትማችሁ ራሳችሁ ሽጡ። ለሁለት ቋንቋ ወይም ለእንግሊዝኛ መጽሐፍ ግን ስሌቱ ይህን ይመስላል፦ 240 ገጽ ጥቁርና ነጭ፣ በተለመደው መጠን፣ አሜሪካ ውስጥ ማተሚያው 1 ዶላር መነሻና በገጽ 1.2 ሳንቲም፣ ማለትም 3.88 ዶላር ነው። በ18 ዶላር ቢሸጥ 60 በመቶው 10.80፣ ማተሚያው ሲቀነስ 6.92 ይደርሳችኋል። ከ9.99 ዶላር በታች ዋጋ ካወጣችሁ ድርሻው 50 በመቶ ነው። ተመኑ ስለሚለዋወጥ በድርጅቱ ማስያ ደግማችሁ አስሉ።

አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) አሜሪካ ውስጥ በተናጠል 125 ዶላር፣ አሥሩ አንድ ላይ 295 ዶላር ሲሸጥ ቆይቷል፤ ካናዳና ስዊድን ውስጥ በነጻ ነው። ኬዲፒ በነጻ የሚሰጠው ቁጥር ሌላ አታሚ ዘንድ አያገለግልም።

የኪንድል ናሙና የመጽሐፉን መጀመሪያ 10 በመቶ ያህል ያሳያል። 240 ገጽ ከሆነ 24 ገጽ ነው። የእኛ መጽሐፍ መታሰቢያ አለው፣ ምስጋና አለው፣ መቅድም አለው፣ የሦስት ሰዎች አስተያየት አለው፤ አንባቢው ናሙናውን ጨርሶ የደራሲውን ዘመዶች ስም ብቻ ያውቃል። ምስጋናውን ወደ መጨረሻው ውሰዱት። ማንም አይቀየምም።

ግምገማ ለማስጻፍ ወንድምና እኅት ማሰለፍ አይጠቅምም። አማዞን የቤተሰብና የቅርብ ወዳጅ አስተያየትን ይከለክላል፣ ሲደርስበትም ያነሣል። አሜሪካ ውስጥ አስተያየት ለመጻፍ ደግሞ ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ 50 ዶላር የተገዛበት አካውንት ያስፈልጋል። አዲስ አካውንት ከፍተው ሊረዷችሁ የተነሡ ወዳጆች ለዚህ ነው የማይሳካላቸው። የማታውቁት ሰው ገዝቶ ስለ መጽሐፉ ሲያወራ ካያችሁ፣ ያንኑ እዚያ እንዲጽፈው በትሕትና ጠይቁት።

ለፌስቡክና ለቲክቶክ ከፖስተር ይልቅ ከመጽሐፉ አንድ አንቀጽ ይሻላል። ከ60 እስከ 90 ሰከንድ፣ በራሳችሁ ድምፅ፣ ገጹ እየታየ አንብቡ፤ ሰው «ከዚያስ?» የሚልበት ቦታ ላይ አቁሙ። ከበስተጀርባ የሚገባው ክራር ድምፃችሁን ከዋጠ አውጡት። ጊዜም ምረጡ። እንቁጣጣሽና ገና ሰው ስጦታ የሚፈልግባቸው ናቸው። በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ የሚደረገው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር መጽሐፍ በእጅ የሚሸጥበት ቦታ ነው፤ የደራሲ ቅጂውን (ደራሲው ለራሱ ከኬዲፒ የሚያዝዘውን) ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት እዘዙ። «አይሸጥም» የሚል ጽሑፍ ሽፋኑ ላይ ያለበት ቅጂ ከደረሳችሁ ያዘዛችሁት የማረሚያ ቅጂ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም።

አሜሪካ ውስጥ ለመላክ የፖስታ ቤቱ የመጽሐፍ መላኪያ፣ ሚዲያ ሜይል፣ ርካሽ ነው፤ ዘገምተኛ ነው፣ ውስጡም ማስታወቂያ ወረቀት መጨመር አይፈቀድም። ወደ ሌላ አገር አንድ ቅጂ መላክ ብዙ ጊዜ ከመጽሐፉ ዋጋ ይበልጣል። ለእስራኤልና ለዱባይ አንባቢ የሚሻለው እዚያው ያለ የታመነ ሰው ሃያ ቅጂ በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ቢያከፋፍል ነው።

ስካን የተደረገ ቅጂ ቴሌግራም ላይ መዞሩ አይቀርም። ቻናላችሁ ላይ ይዘት መቅዳትን የሚከለክለውን ማስተካከያ ብታበሩም፣ ገጹን በሌላ ስልክ ፎቶ የሚያነሣውን አያስቆምም። ይልቅ የመጀመሪያዎቹን 20 ገጾች እናንተው በፒዲኤፍ ልቀቁ፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ ዋጋውንና መግዣውን አስገቡ። ሰው ከቡድን ወደ ቡድን ሲያስተላልፈው አድራሻችሁም አብሮት ይሄዳል።