ፈርመሽ የተቀበልሽው ዕቃ ተሰብሮ ሲገኝ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሞኒተር ኦንላይን አዘዝሽ። አድራሹ እየተቻኮለ በር ላይ አስረከበሽ፣ ፈረምሽለት፣ ማታ ካርቶኑን ስትከፍቺው ስክሪኑ ተሰንጥቋል። ኩሪየሩ፣ ማለትም ዕቃ አድራሽ ድርጅቱ፣ «በደህና ተቀብለሽ ፈርመሻል፣ አስተሻሸጉም ደካማ ነበር» አለሽ። ሻጩ ደግሞ «ከኩሪየሩ ጋር ጨርሺ» ብሎ ወደነሱ መለሰሽ። አንቺም «ማንን ልያዝ? ወይስ አብቅቶለታል?» ብለሽ ጠየቅሽ።

አላበቃለትም። ግን ቀን እየሄደብሽ ስለሆነ ዛሬውኑ ተንቀሳቀሺ።

እኔ ያገለገሉ የካሜራ ሌንሶች ገዝቼ፣ አድሼ እሸጣለሁ። ሌንስ መስታወት ነው፣ ስለዚህ የመሰበርን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ። ተቀባይ ሆኜ ከስሬያለሁ፣ ላኪ ሆኜም ተወቅሻለሁ። የምነግርሽ ከዚያ የተማርኩትን ነው።

መጀመሪያ ሻጩን ያዢ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በር ላይ ያየነው የኩሪየሩን ሰው ስለሆነ ንዴታችን ሁሉ እነሱ ላይ ይሄዳል፣ ስልክ እየደወልን፣ ሙዚቃ እያዳመጥን፣ «ነገ እንደውልልሽ» እየተባልን ሳምንት ይነጉዳል። ከኩሪየሩ ጋር የተዋዋለው ግን ላኪው ነው። አብዛኞቹ ኩሪየሮች የካሳ ጥያቄ ሲመጣ የሚያነጋግሩት ላኪውን ነው፣ ከከፈሉም ለሱ ነው የሚከፍሉት። አንቺ ገንዘብሽን የሰጠሽው ለሻጩ ነው፣ የገዛሽውም ደህና ሞኒተር ነው። በብዙ ቦታ ህጉም ይሄንኑ ነው የሚለው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የአውሮፓ ህብረት የ2011 የሸማቾች መብት መመሪያም ሆነ የእንግሊዝ የ2015 የሸማቾች መብት ህግ፣ ዕቃው ገዢው እጅ እስኪገባ ድረስ መንገድ ላይ የሚደርስበት ጉዳት የሻጩ ዕዳ ነው ይላሉ። ሻጩ ያላቀረበውን አጓጓዥ ራስሽ መርጠሽ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ሻጩ ያለበት አገር ህግ እና የገዛሽበት ድረገጽ የመመለሻ ደንብ ምን እንደሚል ዛሬ ማታ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ብዙ የኦንላይን መገበያያዎች ለተሰበረ ዕቃ የራሳቸው አቤቱታ መቀበያ አላቸው፣ ግን በር የሚዘጉበት ቀን አላቸው።

ኩሪየሩን ተዪው እያልኩሽ አይደለም። ለሁለቱም በአንድ ቀን ጻፊ። ሁለቱ እርስ በርስ እየተገፋፉ አንቺን መሀል ላይ እንዳይጥሉሽ፣ ለአንዱ የጻፍሽውን ለሌላውም ኮፒ አድርጊለት።

አሁን ወደ ፊርማው ልምጣ፣ ምክንያቱም ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። «ፈርመሻል» ሲሉሽ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። ሞኒተርሽ ከውጭ አገር በአውሮፕላን የመጣ ከሆነ የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት የሚባል ዓለም አቀፍ የአየር ትራንስፖርት ውል አለ። በሱ መሰረት ያለ ቅሬታ የተቀበልሽው ዕቃ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ በደህና እንደደረሰ ይገመታል። «ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ» የሚለውን ልብ በይ። ግምት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፣ በማስረጃ ይፈርሳል። ደግሞስ የታሸገ ካርቶን ተቀብላ የፈረመች ሴት ካርቶን መቀበሏን እንጂ ስክሪኑ ደህና መሆኑን በምን ልታውቅ ትችላለች? ይሄንኑ ጻፊላቸው። «የፈረምኩት ካርቶኑን ለመረከቤ ነው፣ ጉዳቱ ከውጭ የማይታይ ነበር፣ በተቀበልኩበት ቀን ስከፍተው አግኝቼዋለሁ» በይ። ካርቶኑ ከውጭ ተጨፍልቆ ከነበረ ግን «አይታይም ነበር» ብለሽ እንዳትዋሺ። ያኔ «አድራሹ ከፍቼ ለማየት ጊዜ አልሰጠኝም» የሚለውን እውነቱን ጻፊ። ውሸት ከተገኘብሽ ሌላው ሁሉ አብሮ ይወድቃል።

የሚገድልሽ ቀኑ ነው። በዚሁ ስምምነት መሰረት በአየር ለመጣ ጭነት የጉዳት ቅሬታ ዕቃውን በተቀበልሽ በ14 ቀን ውስጥ በጽሁፍ መቅረብ አለበት። በጽሁፍ። ስልክ አይቆጠርም። በ1956ቱ የአውሮፓ የየብስ ማጓጓዣ ስምምነት በሚገዛ መንገድ በመኪና ከመጣ ደግሞ ከውጭ ለማይታይ ጉዳት ያለው ጊዜ 7 ቀን ነው፣ እሁድና በዓል ሳይቆጠር። የኩሪየሩ የራሱ ደንብም ቀን ያስቀምጣል፣ እሱንም ፈልገሽ እዪ።

ይሄን በገንዘቤ ነው የተማርኩት። አንድ ጊዜ ጉዞ ላይ ሳለሁ ዕቃ መጣ፣ ጎረቤቴ ተቀበለችልኝ፣ እኔ የከፈትኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የሌንሱ የፊት መስታወት ለሁለት ተከፍሏል። ካርቶኑ አንድ ጥጉ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ማንም አይቶ የሚያውቀው ጉዳት ነው። ኩሪየሩ አንድ መስመር መልስ ብቻ ላከልኝ፤ ጊዜው አልፏል የሚል። ሻጩ ቅን ሰው ነበር፣ ግን እሱም ኩሪየሩን የሚጠይቅበት በር ተዘግቶበታል። ከዚያ ወዲህ ቤት ካልሆንኩ የሚቀበልልኝን ሰው «እዚያው ክፈተው፣ ፎቶ ላክልኝ» እለዋለሁ።

በፖስታ የመጣ ከሆነ ሌላ ህግ ነው። ለማወቅ የትራኪንግ ቁጥሩን እዪው። በሁለት ፊደል ጀምሮ፣ 9 አሃዝ ይዞ፣ በሁለት ፊደል የሚያልቅ ከሆነ ዕቃው በፖስታ መስመር የመጣ ነው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደሎች የላኪው አገር መለያ ናቸው። እዚያ ላይ የአየር ስምምነቱ አይሰራም፣ የዓለም ፖስታ ህብረት ደንብ ነው የሚሰራው። ላኪው ዕቃው ከተላከበት ማግስት ጀምሮ 6 ወር ውስጥ ማመልከት ይችላል። ለተሰበረ ዕቃ ግን 6 ወር አለኝ ብለሽ እንዳትቀመጪ። ዕቃውን ከነካርቶኑ ይዘሽ ፖስታ ቤት ሂጂና የጉዳት ሪፖርት አስጽፊ። ያለዚያ ወረቀት ላኪው ባዶ እጁን ነው የሚከራከርልሽ።

አሁን «አስተሻሸጉ ደካማ ነው» ወደሚለው። ይሄ የተለመደ መልሳቸው ነው፣ አንዳንዴም እውነት ነው፣ ስለዚህ ሳትናደጂ በደንብ መርምሪው። ዕቃው የተጎዳው ላኪው በደንብ ስላላሸገው ከሆነ አጓጓዡ በህግም አይጠየቅም። ያኔ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የሻጩ ይሆናል። ስለዚህ ኩሪየሩ እንዲህ ብሎ በጽሁፍ ከመለሰልሽ ደብዳቤውን ቀጥታ ለሻጩ ላኪው። አንቺ በሁለቱም መንገድ ጥፋተኛ አይደለሽም።

ካርቶኑን እንዴት ነው የምትመረምሪው? እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ባዶውን ካርቶን መብራት ስር አስቀምጬ ስድስቱንም ፊት አየዋለሁ። ከዚያ ዕቃውን መልሼ እንደነበረው አስገባዋለሁ፣ ከነፎሙ። ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሸረሪት ድር ከአንድ ነጥብ ነው የሚነሳው። ያቺ ነጥብ ካርቶኑ ላይ የት ጋ እንደምትውል ፈልጊ። በትይዩዋ ከውጭ የተበሳ፣ የተጎረበጠ ወይ የተጫነ ቦታ ካገኘሽ እጅሽ ላይ ትልቅ ማስረጃ አለ፣ ማስመሪያ ከጎኑ አድርገሽ ቅርብም ራቅም ብለሽ ፎቶ አንሺው። ከውጭ ምንም ምልክት ከሌለ ዕቃው ከፍ ካለ ቦታ ወድቆ ወይም ውስጥ ውስጡን ሲንቀጠቀጥ ከርሞ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ የፎሙን ጥግ እዪ፣ ወድቆ ከሆነ አንድ ጥጉ ይፈረፈራል ወይ ይቀጠቀጣል።

ፎሙ የፋብሪካው ነው? በሞኒተሩ ልክ የተቀረጸ ከሆነ ፎቶ አንሺና «አምራቹ ለማጓጓዣ ባዘጋጀው ማሸጊያ ነው የመጣው» በይ። ካርቶኑ ውስጥ የተጨማደደ ወረቀት ብቻ ከነበረ ደግሞ እውነቱን እንቀበል፣ ሻጩ አጥፍቷል። ኩሪየሮች ራሳቸው በመመሪያቸው የሚጠይቁት በዕቃው ዙሪያ በሁሉም በኩል 5 ሴንቲሜትር ገደማ መከላከያ ነው፣ ካርቶኑም ሲነቀነቅ ውስጡ መንቀሳቀስ የለበትም። «ተሰባሪ» የሚል ቀይ ጽሁፍ ብቻውን አያድንም። ዕቃው ብዙውን መንገድ የሚሄደው በማሽን ቀበቶ ላይ ነው፣ ቀበቶ ደግሞ አያነብም። እኔ አሁን ሌንስ የምልከው በሁለት ካርቶን፣ አንዱን በሌላው ውስጥ አድርጌ፣ መሀሉን ሞልቼ ነው፣ ፕላስተሩንም መሀሉን ብቻ ሳይሆን ጫፍና ጫፉንም አለብሰዋለሁ። ከመዝጋቴ በፊትም ፎቶ አነሳለሁ። ያ ፎቶ ሁለት ጊዜ ካሳ አስገኝቶልኛል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ስብራት ባይሆንም። አንዴ ሁለት ሌንስ አዝዤ ካርቶኑ ሲመጣ ፕላስተሩ አስተያየቱ አላማረኝም። ከስር ነጭ ፕላስተር አለ፣ ከላዩ ቡናማ ተለጥፏል፣ የስሩ ደግሞ በምላጭ የተቆረጠ ነው። ሳልከፍተው ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፣ ቪዲዮ እየቀረጽኩ። ስቲከሩ 2.4 ኪሎ ይላል፣ ሚዛኑ 1.6። ስከፍተው አንዱ ሌንስ የለም። ኩሪየሩ መጀመሪያ ክዶ ነበር። «መጋዘኖቻችሁ ዕቃ ሲያልፍ ይመዝናሉ፣ በየጣቢያው የተመዘገበውን ክብደት አውጡልኝ» ብዬ በጽሁፍ ስጠይቅ ልዩነቱ የት ላይ እንደተፈጠረ ታየ፣ ለላኪው ከፈሉት፣ እሱም መለሰልኝ። ስለዚህ የጎደለ ነገር በጠረጠርሽ ቁጥር ሳትከፍቺ መዝኚ።

ስለ ገንዘቡ አስቀድሜ ልንገርሽ፣ በኋላ እንዳትደነግጪ። የኩሪየሩ ኃላፊነት ጣሪያ በዕቃው ዋጋ አይደለም የሚሰላው፣ በክብደቱ ነው። በሞንትሪያል ስምምነት ከዲሴምበር 28፣ 2024 ጀምሮ ጣሪያው በኪሎ 26 ኤስዲአር ነው፣ ኤስዲአር የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የሂሳብ መለኪያ ነው። ሞኒተርሽ ከነካርቶኑ 6 ኪሎ ቢሆን 156 ኤስዲአር ይሆናል፣ ከ200 የአሜሪካ ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። በአውሮፓው የየብስ ስምምነት ደግሞ በኪሎ 8.33 ኤስዲአር ብቻ ነው። ከዚህ በላይ የሚገኘው ላኪው ተጨማሪ ከፍሎ ከፍ ያለ ዋጋ ካስመዘገበ ወይም ኢንሹራንስ ከገባ ነው። ጉምሩክ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ኢንሹራንስ አይደለም፣ ብዙ ሰው ይሄን ያምታታል። ቀረጥ እንዲቀንስ ብለው ዋጋውን ዝቅ አድርገው ከጻፉ ደግሞ ያ ወረቀት ራሱ ይከራከርሻል፣ ሻጭ «ትንሽ ልጻፍልሽ?» ሲልሽ እምቢ በይ። ለዚህም ነው ሻጩን ያዢ ያልኩሽ። ሻጩ የኪሎ ጣሪያ የለበትም፣ ሙሉ ዋጋውን ነው የሚመልሰው ወይ ሌላ የሚልከው።

ደብዳቤሽን አጭር አድርጊው። የትራኪንግ ቁጥር፣ የተቀበልሽበት ቀንና ሰዓት፣ ምን እንደተሰበረ፣ ምን እንደምትፈልጊ፣ እስከ መቼ መልስ እንደምትጠብቂ። ስንት ሌሊት እንዳልተኛሽ እዚያ ላይ አትጻፊ፣ እኔ ይገባኛል፣ ፋይሉን የሚያየው ሰው ግን ቀንና ፎቶ ነው የሚፈልገው። በስልክ የሚነግሩሽን ሁሉ ስልኩን እንደዘጋሽ በኢሜይል መልሰሽ ጻፊላቸው፣ «ዛሬ በስልክ እንዲህ ብላችሁኛል» ብለሽ። ግማሽ ገንዘብ ሰጥተው «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ካቀረቡልሽ በደንብ ሳታስቢበት እንዳትፈርሚ። በካርድ ከፍለሽ ከሆነና ሻጩ ዝም ካለሽ ባንክሽን ገንዘቡን እንዲያስመልሱልሽ ጠይቂ፣ ለሱም የጊዜ ገደብ ስላለው አትዘግዪ።

ለሚቀጥለው፣ አድራሹ ቢቸኩልም ካርቶኑን ዞር አድርገሽ እዪው። ጥጉ ከተጨፈለቀ፣ ከረጠበ፣ ውስጡ ከተንኳኳ ከፊርማሽ ጎን «ካርቶኑ ተጎድቷል፣ ውስጡ አልታየም» ብለሽ ጻፊ። ስልክ ላይ ከሆነ የሚያስፈርሙሽና መጻፊያ ቦታ ከሌለው እሱ እዚያው ቆሞ ሳለ ካርቶኑን ፎቶ አንሺ። አድራሹን አትቆጪው፣ ብዙውን ጊዜ የሰበረው እሱ አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ በሰዓት እየተሯሯጠ ነው የሚውለው። ጨርሶ የተደመሰሰ ከሆነ አለመቀበልም መብትሽ ነው፣ ግን ፎቶውን አንስተሽ፣ ለሻጩም ወዲያው አሳውቀሽ።

አሁን ግን ሞኒተሩን ለጥገና እንዳትሰጪው። መርማሪ ልከው ላያዩት ቢችሉም፣ ሊያዩት የመጠየቅ መብት አላቸው፣ ነክተሽው ካገኙ ምክንያት ይሆናቸዋል። የጥገና ዋጋ ግምት ብቻ በጽሁፍ አሰሪ። ካርቶኑን፣ ፎሙን፣ ስቲከሩን፣ የተቀዳደደውን ፕላስተር ሳይቀር አንድ ጥግ አስቀምጪው፣ ቤት ያጣበበ ቢመስልሽም ገንዘቡ እጅሽ እስኪገባ ማንም እንዳይጥለው ለቤተሰቡ ተናገሪ።