የ11ኛ ክፍል ፍቅረኞች ለምን እንደ ሽማግሌ ያወራሉ?

ጥያቄ፦ የሁለት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎችን የመጀመሪያ ፍቅር የሚተርክ ልብወለድ ጀምሬ 40 ገጽ ደርሻለሁ። ታሪኩ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባለው ሰፈር ነው። ያነበቡልኝ ጓደኞቼ «ልጆቹ እንደ ሽማግሌ ያወራሉ፤ ደግሞ ምንም አይፈጠርም» አሉኝ። ምን ላርመው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ችግሮች የሚመጡት ልጆቹ ፍቅራቸውን ቶሎ ስለሚናዘዙ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ያለ አንቺ መኖር አልችልም» ካለ በኋላ ምን ይበል? ወይ ይደጋግመዋል ወይ መፈላሰፍ ይጀምራል። ኑዛዜውን እስከ መጽሐፉ አጋማሽ ያቆዩት። እስከዚያ ፍቅሩ በሰበብ ይኑር፦

«የፊዚክስ ደብተርሽን ታውሺኛለሽ?»
«የሰኞውን መቼ መለስክና?»
«እሱን ገና አልጨረስኩም።»
«ታዲያ ሁለተኛው ምን ያደርግልሃል?»

የ16 ዓመት አንባቢ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይፈልግም።

«ምንም አይፈጠርም» ለሚለው ደግሞ መፍትሔው ሰዓት ነው። መሀል ከተማ የሚኖር ተማሪ ቤቱ ቤተሰብ አለ፤ ካፌ ገንዘብ ይጠይቃል፤ መንገዱ ላይ ጎረቤት አይጠፋም። ለሁለቱ የቀረላቸው ከደወል እስከ ቤት በር ያለው ጊዜ ብቻ ነው። መንገዱን ወረቀት ላይ ይሳሉት። ታክሲ ከተሳፈሩ ሳያወሩ ይደርሳሉ። በራስ መኮንን ድልድይ በኩል በእግር ካዘገሙ ጊዜ ያገኛሉ፣ ግን ሰው ያያቸዋል። ሰባ ደረጃ ላይ ቆመው የእናቷ የእቁብ ጓደኛ ብታልፍ ቀጣዩን ምዕራፍ አገኙ ማለት ነው። እያንዳንዱን ትዕይንት ከመጀመርዎ በፊት ስንት ሰዓት ቤት መግባት እንዳለባትና ብትዘገይ ምን ብላ እንደምትዋሽ ይወስኑ።

ታሪኩ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሚሆንም ይወስኑ። ፒያሳ የነበረው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ልጁ የዚያ ሰፈር ልጅ ከሆነ ከዚያ በፊት ቤቱ በእግር የሚደረስበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ቤተሰቡ ከተማ ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ አብሮ የመሄጃው መንገድ የለም።

ለመለያየታቸው ክፉ አባት አይፍጠሩ፤ እሱ አባት በአማርኛ ልብወለድ በቂ ሥራ ሠርቷል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን ጀምረዋል፤ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ በተለያየ ዙር ሲፈተኑ ታይቷል። ስለዚህ እሷ ተፈጥሮ፣ እሱ ማኅበራዊ ከሆኑ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ መደዋወል እንኳ የለም። ከዚያ ውጤት፣ ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲ ምደባ፤ አንዷ ጎንደር፣ አንዱ ጅማ ቢደርሳቸው የሚወቀስ ሰው አይኖርም። ዘርፍ የሚመረጠው ግን 11ኛ ክፍል ሲገባ ስለሆነ፣ ምርጫውን የመጀመሪያው ምዕራፍ ውስጥ ይጣሉት። መጨረሻ ላይ ካመጡት አንባቢው ለማለያየት ሲሉ የፈጠሩት ይመስለዋል።