ሲቪል ትግባ፣ ሳይትም ትውጣ

እህቴ፣ ልጅሽ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ አምስት ኪሎ ሲቪል ምህንድስና ልትመርጥ መሆኑን ጽፈሻል። «እንደ ኢንጂነር አይሻ መሐመድ ሚኒስትር እሆናለሁ» ትላለች፤ አባቷ ደግሞ «ሳይት የሴት ቦታ አይደለም» ብሎ ሌላ ምረጪ ይላታል፤ አንቺ መሀል ቆመሽ ምን ልበላት ብለሻል። ካዛንቺስና አራት ኪሎ አካባቢ በሚሠሩ ሕንፃዎች ላይ በተቆጣጣሪ መሐንዲስነት ስሠራ የኖርኩ ሴት ነኝና የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስለ ኢንጂነር አይሻ። ልጅሽ የመረጠቻቸው ሴት በእርግጥም ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። ከአፋር የወጡ ሲቪል መሐንዲስ ናቸው። የኮንስትራክሽን ሚኒስትር ሆነው ሲሠሩ ቆይተው፣ ጥቅምት 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ግማሹ ሴቶች በሆኑበት የ20 ሚኒስትሮች ካቢኔ መከላከያን ተረከቡ፤ በቦታው ላይ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወደ ከተማ ልማትና ኮንስትራክሽን ተዛወሩ፤ በ2014 ዓ.ም. አዲስ የተቋቋመውን የመስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴር ያዙ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ወደ መከላከያ ተመለሱ።

መከላከያን ሲይዙ ብዙ ሰው «መሐንዲስና ጦር ምን አገናኛቸው?» ሲል ሰምቻለሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 ላይ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሰው ሲቪል፣ ማለትም ወታደር ያልሆነ፣ እንዲሆን ያዛል። አንቀጽ 74 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዕጩ ሚኒስትሮችን ከሁለቱ ምክር ቤቶች አባላት ወይም ከውጭ ብቃት ካላቸው ሰዎች መርጦ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ስለዚህ በሩ ለባለሙያ ክፍት ነው። ግን ሹመት ተምረሽ የምትደርሺበት ማዕረግ አይደለም፤ ፖለቲካም ጊዜም ይወስነዋል። ልጅሽ በእጇ ያለው ሙያው ነውና እሱን አጥብቃ ትያዝ።

እኔን ከሹመቶቻቸው ሁሉ ልቤን የሚነካኝ የመስኖው ነው። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ካለው ደጋ ተነስቶ ባሕር ሳይደርስ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። የከሰምና የተንዳሆ ግድቦችም እዚያው ናቸው። ውሃው በሚያልቅበት ምድር የተወለደ መሐንዲስ ስለ መስኖ ሲወስን ማየት ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ አባቷ ስጋት ልምጣ። ስጋቱን አልንቀውም፤ ያየው ነገር አለ። ግን ሳይት ላይ ሴትን የሚጎዳት እሱ የሚፈራው ስድብና ለከፋ ብቻ አይደለም። ከሁሉ የሚብሰው «አንቺ ቢሮ ብትሆኚ ይሻልሻል» የሚለው ደግነት የሚመስል ነገር ነው። ሴት ምሩቅ ስትቀጠር ቴክኦፍ ሥሪ (ከፕላን ላይ የሥራ መጠን አስሊ)፣ ክፍያ አዘጋጂ ተብላ ኮምፒዩተር ፊት ትቀመጣለች፤ አብሯት የተመረቀው ወንድ ግንባታው ላይ ይውላል። ዓመታት ሲያልፉ እሱ ኃላፊ ይሆናል፤ እሷ ግን አርማታ ሲሞላ ሳታይ የአርማታ መጠን ስታሰላ ትኖራለች። ሰባ በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይመደብ በነበረበት የ70/30 ምደባ ብዙ ሴቶች ምህንድስና ገብተው ነበር፤ ሳይት ላይ የማገኛቸው ግን ጥቂቶች ናቸው።

ሳይት የምታስተምረውን በአንድ ነገር ላሳይሽ። ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ የአርማታ ወለል፣ ከመሞላቱ በፊት ተቆጣጣሪዋ የብረቱን ውፍረትና ርቀት፣ አርማታው የሚፈስበትን ቅርጽ ማለትም ካሳፎርማውን፣ ከብረቱ ውጭ የሚቀረውን የአርማታ ሽፋን አይታ ትፈርማለች። አርማታው ሲመጣ ስላምፕ (የእርጥቡ አርማታ ቅጥነት) ይለካል፤ ኪዩብ የሚባል የአርማታ ናሙና ተወስዶ ጥንካሬው እንዲታይ በ7 እና በ28 ቀን ይሰበራል። ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ ሕንፃ ላይ ሚክሰሩ ተነስቶ፣ ሠራተኛው ተሰልፎ ሳለ የበረንዳውን ብረት አየሁ። በረንዳ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ የሚቀር ስለሆነ ዋናው ብረት ከላይ ነው መሆን ያለበት፤ እዚያ ግን በሰው እግር ተረግጦ ወደ ታች ወርዷል። ቢሞላ ቆይቶ የሚሰነጠቅ፣ ከዚያም ሊወድቅ የሚችል ነው። አልፈርምም አልኩ። ፎርማኑ «ልጄ፣ እኔ ይህን ሥራ ስጀምር አንቺ አልተወለድሽም» አለኝ፤ ኮንትራክተሩም ደወለ። ብረቱ ይነሳና ከሥሩ ይደገፍ፣ ያኔ እፈርማለሁ ብዬ ቆምኩ። ተነሳ፤ ተደገፈ፤ ከሰዓት በኋላ ተሞላ። ከዚያ በኋላ ፎርማኑ ራሱ ከሙሌት በፊት «ኢንጂነር፣ ነይ እዪልን» ብሎ ይጠራኝ ጀመር።

ሚኒስትርም ቢሆን ሌላው ባዘጋጀው ሰነድ ላይ ነው የሚፈርመው። ብረቱን ሳላይ አልፈርምም ማለትን የለመደች ሴት ትልቅ ወንበር ላይም ያው ልማድ ይዛ ትቀመጣለች ብዬ አምናለሁ።

ችግሩንም አልሸሽግሽ። ብዙ ሳይት ላይ ለሴት የሚሆን መጸዳጃ ቤት የለም። ትልቅ ሙሌት ሌሊት ይዘልቃል፤ የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ መሀል ከተማ ላይ የሌሊት ሥራ በዝቷል፤ መመለሻ ትራንስፖርት ሳይነጋገሩ መግባት አይገባም። ሥራ ማግኘቱም ቀላል አይደለም፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናውንም ማለፍ ግድ ነው።

ስለዚህ ሲቪል ትግባ። ለኢንተርንሺፕ ስትወጣ ቢሮ ከሰጧት ሳይት እንዲያደርጓት በደብዳቤ ትጠይቅ፤ የባለሙያ ደረጃዋ ሲያድግ የሚታየው የሠራችው ሥራ ነው። ድርጅቱን ስትመርጥም «ሳይት ላይ የምትሠራ ሴት መሐንዲስ አለቻችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ካለች እሷን አነጋግሯት። አባቷንም ለማሳመን ብዙ አትከራከሪው። በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ሙሌት ባለን ቅዳሜ ጠዋት ከልጁ ጋር ይምጣ፤ ሄልሜት አዘጋጅላቸዋለሁ፣ የፈለገውን ይጠይቀኝ።