አሜሪካን ዘጋን፣ ዋሽንግተን ግን ያያል

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። የአማርኛ ድራማዎችን በክፍያ የምናሳይበት ድረ ገጽ አለን። ቪዲዮዎቹ የሚደርሱት በአማዞን ክላውድፍሮንት፣ ማለትም በየአገሩ ባሉ ሰርቨሮች ፋይል በሚያደርስ አገልግሎት በኩል ነው። የአንዱን ድራማ የአሜሪካና የካናዳ መብት ለሌላ ድርጅት ስለሸጥን፣ ፕሮግራመራችን የተመልካቹን አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) አይቶ የሚከለክል ኮድ ሰርቨራችን ላይ ጻፈ። ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቼ ግን አሁንም ያያሉ። ይባስ ብሎ አዲስ አበባ ያሉ ደንበኞች ተከለከልን እያሉ ይደውላሉ። ምን ይሻላል?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ኮዱ ልክ ሊሆን ይችላል፣ የተቀመጠበት ቦታ ግን ልክ አይደለም። ተመልካቹ እኮ የሚያገኘው እናንተን ሳይሆን አጠገቡ ያለውን የክላውድፍሮንት ሰርቨር ነው። ፋይሉ እዚያ ከሌለ ያ ሰርቨር ወደ እናንተ ይመጣል፣ ስለዚህ ኮዳችሁ የሚያየው የአማዞንን አይፒ ነው። ያ አይፒ በአሜሪካ የተመዘገበ ከሆነ የቦሌው ሰውዬ አሜሪካዊ ተብሎ ይባረራል። ፋይሉ አንዴ ካለፈና ካሽ ውስጥ (ክላውድፍሮንት ጊዜያዊ ቅጂ የሚያስቀምጥበት) ከገባ ደግሞ ማንም እናንተን አይጠይቅም፤ የዋሽንግተን ዘመዶችዎ ከዚያው ይመለከታሉ።

ኮዱን አንሱትና ክልከላውን ራሱ ክላውድፍሮንት ላይ አድርጉት። በአገር የመገደብ አማራጭ አለው፣ ተጨማሪ ክፍያም የለውም። የሚከለከሉትን አገሮች መርጣችሁ ታስገባላችሁ፣ ከእነዚያ አገሮች የመጣ ሰው 403፣ ማለትም «አልተፈቀደም» የሚል መልስ ይመለስለታል፣ አለቀ።

አላለቀም እንጂ። ይህ ገደብ የሚሠራው በአንድ ዲስትሪቢውሽን (ክላውድፍሮንት ላይ የምትከፍቱት የማሰራጫ ቅንብር) ላይ ባለው ነገር ሁሉ ነው። አንድ ድራማ ለመከልከል ብላችሁ ስትዘጉ ሌሎቹም አብረው አሜሪካ ላይ ይዘጋሉ፣ ከፋይ ተመልካቾቻችሁ ደግሞ ብዙዎቹ እዚያው ይመስሉኛል። ቀላሉ መንገድ ለዚያ ድራማ የብቻው ዲስትሪቢውሽን መክፈት ነው። ፕሮግራመራችሁ ጎበዝ ከሆነ ክላውድፍሮንት የተመልካቹን አገር በሄደር (ከጥያቄው ጋር በሚሄድ መረጃ) ስለሚሰጥ፣ እሱን እያነበበ በፋይል በፋይል የሚወስን አጭር ፈንክሽን (ትንሽ ኮድ) እዚያው መጻፍ ይችላል። እኔ ብሆን በመጀመሪያው እጀምራለሁ።

የጓሮ በሩንም አትርሱ። ቪዲዮው ያለበት ዋናው ማከማቻ ለማንም ክፍት ከሆነ፣ ቀጥተኛ ሊንኩን ያገኘ ሰው ክላውድፍሮንትን ሳይነካ ያያል፣ ከዚያ ሊንኩ በቴሌግራም ይዞራል። ማከማቻው ከክላውድፍሮንት በስተቀር ለማንም እንዳይመልስ አድርጉት።

ውሉን የፈረማችሁት እንዴት ነው? "ማንም አሜሪካ ውስጥ አያይም" ብላችሁ ከሆነ ቶሎ አስተካክሉት። አማዞን አይፒን ከአገር ጋር ማዛመዱ በአጠቃላይ 99.8 በመቶ ትክክል ነው ይላል፣ ግን ይህ ቪፒኤን የከፈተውን ሰው አይጨምርም፤ እሱ ቪፒኤኑ ባለበት አገር ነው የሚቆጠረው። ከአዲስ አበባ ሄዶ በአገር ቤት ሲሙ ሮሚንግ የሚጠቀም ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ይመስላል። ደግሞ ክላውድፍሮንት አገሩን መለየት ሲያቅተው ቪዲዮውን ያሳያል እንጂ አይከለክልም፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ስለዚህ ውሉ ላይ የሚገባው ቃል የምታደርጉት ጥረት ነው፣ ውጤቱ አይደለም።

ባዶ 403 ደግሞ ደንበኛ ያናድዳል፣ በተለይ የከፈለ ደንበኛ። በምትኩ የራሳችሁን ገጽ በአማርኛ አስቀምጡ፦ ድራማው በዚህ አገር በእኛ በኩል አይታይም፣ በእነ እገሌ በኩል ታገኙታላችሁ፣ ብሩ እንዲመለስላችሁ ከፈለጋችሁ እዚህ ጻፉ። መብቱን የገዛው ድርጅትም በዚህ ይደሰታል።

የድሮው ኮድ የመለሰው የክልከላ ገጽ ካሽ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል፣ ኮዱን እንዳነሳችሁ የዚያን ድራማ ካሽ አጽዱ። በወር የመጀመሪያዎቹ 1,000 የፋይል አድራሻዎች በነጻ ናቸው። ከዚያ ለዘመዶችዎ ይደውሉና በቤታቸው ዋይፋይ፣ ቪፒኤን ሳይከፍቱ እንዲሞክሩት ይጠይቋቸው።