መልስ፦ ዳግላስ በኤዲስቶን አዲስ ማማ የሠራበት ምክንያት

«የስሚተን ማማ ጠንካራ ከነበረ ጄምስ ዳግላስ በኤዲስቶን ሌላ የመብራት ማማ ለምን ሠራ?» ለሚለው ጥያቄዎ፣ ጉድለቱ የማማው ሳይሆን የዐለቱ ነበር። ኤዲስቶን ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ባሻገር በባሕር ውስጥ ያለ ዐለታማ ቦታ ነው። መሐንዲሱ ጆን ስሚተን እ.ኤ.አ. በ1759 ያጠናቀቀው ማማ የቆመበትን ዐለት ማዕበሉ ከሥር እየቦረቦረው ስለነበር፣ የእንግሊዝን የመብራት ማማዎች የሚያስተዳድረው ድርጅት የትሪኒቲ ሃውስ ዋና መሐንዲስ የነበረው ዳግላስ አጠገቡ ባለው ዐለት ላይ አዲሱን ከ1879 እስከ 1882 ገነባ፤ በ1882ም የ«ሰር» ማዕረግ ተሰጠው። የግራናይት ድንጋዮቹ በጎንም በላይና በታችም እርስ በርስ እንዲቆላለፉ ተጠርበዋል። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን መሠረቱ ነው፤ የስሚተን ማማ እንደ ዛፍ ግንድ ከሥሩ ሰፍቶ ማዕበሉን ሽቅብ ያንሸራትተው ስለነበር፣ ዳግላስ ግርጌውን ቀጥ ያለ ክብ አድርጎ ውኃው እዚያው ተጋጭቶ እንዲበተን አደረገ። ዳግላስ በወጣትነቱ ከአባቱ ጋር በሠራበት፣ በሲሊ ደሴቶች አጠገብ በባሕር ውስጥ ባለው ዐለት በቢሾፕ ሮክም፣ መጀመሪያ የተተከለውን የብረት ማማ መብራቱ ሳይበራ በ1850 ማዕበል ጠርጎት ነበር።