ሃኬተኛ ማን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሥራ ካጣሁ ቆየሁ። በዐቢይ ጾም፣ በገብር ኄር እሑድ «አንተ ክፉና ሃኬተኛ ባሪያ» የሚለው ሲነበብ የሚወቀሰው እኔ መሰለኝ። ሃኬት ምን ማለት ነው? ቃሉስ ከየት መጣ? ሥራ ፈት መሆን ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ወንድሜ። ቃሉ ግእዝ ነው፤ «ሀከየ» ሰነፈ፣ ታከተ፣ ቸል አለ ማለት ነው። ሰውየው «ሀካይ»፣ ጠባዩ «ሀኬት» ይባላል፤ የአማርኛው «ሃኬተኛ» ከዚያ የወጣ ነው።

በማቴዎስ 25 ያለው ባሪያ ሥራ አላጣም። አንድ መክሊት ተሰጥቶት ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው፤ መቆፈሩም ጉልበት ይጠይቃል። የተወቀሰው በእጁ ያለውን ስለ ተወ፣ ለመተዉም የጌታውን ጭካኔ ሰበብ ስላደረገ ነው። ምዕራፍ 20ን ደግሞ ተመልከት፦ እስከ 11 ሰዓት ሥራ ፈትተው የቆሙት «የሚቀጥረን ስለ አጣን ነው» አሉ። ባለ ወይኑም ወደ ሥራው ላካቸው፤ ሲመሽ እንደ ሌሎቹ አንድ አንድ ዲናር ከፈላቸው። አንተ የምትቆጠረው ከእነዚህ ጋር ነው።

ነገር ግን ቀኑ ባዶ ሲሆን ሃኬት በቀላሉ ይገባል። አበው በመዝሙር 90 «ጋኔነ ቀትር» የተባለውን የሚተረጉሙት በዚህ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ መነኩሴውን በዓቱን፣ ማለትም የሚኖርበትን ቦታ፣ የሚያስጠላው መንፈስ ነው ይላሉ። የበረሃው መነኩሴ አባ እንጦንስ ይህ ሲጸናበት አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶ ሲታታ አየ። መልአክ ነበር፤ «እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ» አለው።

አንተም ጸሎትንና የእጅ ሥራን አፈራርቅ። ጠዋት ሥራ በነበረህ ጊዜ በምትነሣበት ሰዓት ተነሥ። መዝሙረ ዳዊት «ንጉሥ» በሚባሉ 15 ክፍሎች ይከፈላል፣ አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ነው። ብዙ ጀማሪ በቀን ሁለት ሦስት ንጉሥ ይይዝና ሳምንት ሳይሞላው ሁሉንም ይተዋል። አንተ በ2 መዝሙር ጀምር፤ ሲጸና የንስሐ አባትህ ይጨምሩልሃል። ከዚያ ማመልከቻህን ጻፍ፣ ልብስህን እጠብ፣ ደጀ ሰላም ጥረግ። ቀትር ላይ ስልክህን አስቀምጠህ ቁምና ጸልይ፤ አቡነ ዘበሰማያት ብቻ ብትደርስም ይበቃል፣ ከዚያ ወደ ጀመርከው ሥራ ተመለስ።

እንቅልፍና ምግብ ከተዘጋብህ፣ ሰውነትህ አልታዘዝ ካለህና ሳምንታት ካለፉ ግን ያ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ለንስሐ አባትህ ንገርና ሳትዘገይ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረህ መያዝ ትችላለህ።